ያልወጣው የእናታለም አርባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለየኔሰው አካለ ወልድ፤
ጁባ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድመህ ትውላለህ? ሰሎሜስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉልህ? የዚያ አገር ሙቀት ምን አድርጓችሁ ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ዘመነና ልጄ ብሩክታይት ከናንተ ናፍቆት በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ቢቸና ዝናብ ጣል ጣል እያደረገ ነው፤ ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ሳይገባ አይቀርም።

ስለ አባባ ግን እንዲያው ደህና ናቸው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በስልክ የማልነግርህ ስትደውል አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለሚያዳምጡ ነው። አንተም ብትሆን እንዴት ናቸው ትልና መልሱን ሳትሰማ ኔትወርኩን መርገም ትጀምራለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ ረጋ ብለህ አንብበው።

እናታችን እናታለም ያረፈች ጊዜ አባባ እስከ አርባዋ ጥሉላት አልቀምስም ማለታቸውን ነግሬህ ነበር። አርባዋን አወጣን። ካህናቱ በሉ፣ ጎረቤቱ በላ፣ እሳቸው ግን ሽሮ ቀምሰው ተነሡ። ፋሲካ ደርሶም አልገደፉም። ምነው አባባ ስላቸው፣ አርባዋ ይውጣ እንጂ ልጄ አሉኝ። እኔ ሞኟ ስእለታቸውን አራዘሙት ብዬ ተውኳቸው። ሰፈሩም መሪጌታ አካለ ወልድ መነኑ አለ፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እያስከተሉ ጉልበታቸውን ሊስሙ ይመጡ ጀመር። ቀኑ ጠፍቶባቸው ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው የለም። የሚጾምን ሰው ለምን ትጾማለህ ብሎ የሚጠይቅ በእኛ አገር ማን አለ?

ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ መሳት ጀመሩ። እግሬ መሬቱ አይሰማኝም፣ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል ይሉ ነበር። ስንቱን ባለቅኔ ያወጡ ሰው አንድ ቀን ጉባኤ ቃና ጀምረው መጨረሻው ጠፋቸው። ጉባኤ ቃና እኮ ሁለት ቤት ነው፤ ጀማሪ ተማሪ የሚቆጥረው። ያን ዕለት ፊታቸውን ብታየው ኖሮ! ሰዉ በተማሪነታቸው ትምህርት እንዲገባቸው ብለው የጠጡት አብሾ ነው የተነሣባቸው አለ። ዘመነም አመነ፣ እኔም አመንኩ። አብሾ ነው ከተባለ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚወስድ የለም፤ ቤት ውስጥ መደበቅ ነው።

የባሰው አመሻሹ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መደቡ ላይ ፈቀቅ ይሉና ቦታ ይለቃሉ። ባዶውን በር እያዩ፣ ግቢ እንጂ ብርድ ነው ይላሉ። ከዚያ ወግ ይጀምራሉ፤ ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይስቃሉ። እናታለም ስትቆጣቸው እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚነግሯት ደግሞ የዱሮውን አይደለም፣ የዕለቱን ወሬ ነው። ጥሩአየሁ ዛሬ ወጡን ጨው በጨው አድርጋዋለች እያሉ ለእናቴ ያሙኛል! መጀመሪያ በጣም ፈራሁ። ኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ቀሚሴን ሰብሰብ ማድረግ ጀመርኩ። ብሩክታይት አንድ ቀን እዚያ ቦታ ብትቀመጥ ተነሽ ብዬ ጮህኩባት።

ባለፈው መስከረም ደጅ ላይ ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተና ሞጣ ወሰድናቸው። ያከመቻቸው ሐኪም ኸይራት ትባላለች፤ እዚያው የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት። ቁስሉን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ምላሳቸውን አየች፣ እግራቸውን ነካካች፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቆሙ አደረገች፤ ተንገዳገዱ። ምን እንደሚመገቡ ጠየቀችኝ። እኔም በኩራት፣ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ጥሉላት በአፋቸው አልዞረም አልኳት። ልጅቱ ደነገጠች። ደማቸውን ባሕር ዳር ልካ ስታስመረምር ድሮም በጾም ብዛት ሳስቶ የቆየው ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት የሚሉት ነገር ተሟጦ ተገኘ። እሱ በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በሽሮና በጎመን አይገኝም አለችን። «አእምሯቸው ተርቧል» ነው ያለችኝ፤ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

መርፌ አዘዘችላቸው። ግፊትም ስላለባቸው ጨው ቀንሱ፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፣ በደንብ ይተኙ፣ ጨለማ ቤት ለብቻቸው አይቀመጡ፣ ሰው መሃል ይዋሉ፣ ተማሪዎቻቸው እየመጡ ቅኔ ይጠይቋቸው አለች። ከጠፋው የሚመለስ አለ፣ የማይመለስም አለ፤ በዘገያችሁ ቁጥር የማይመለሰው ይበዛል አለችን። የጾሙን ነገር ግን እኔ አልገባበትም፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሱት ብላ በአክብሮት ሸኘችን።

ንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ማርያም ጥሉላቱን መድኃኒት ነው ብለው ፈቱላቸው። አባባ ግን አርባዋ ሳይወጣ ብቀምስ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። አባ ገብረ ማርያምም አርባዋ ዛሬ ነው ብዬ አልዋሽም ስላሉ፣ ጥቅምት ላይ ሙት ዓመቷን ደገስን። ጸሎቱ ሲያልቅ አባባ ሰዉን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ እንግዲህ አርባዋ ወጣ አሉ። ያረማቸው የለም። በሉ። በማግስቱ ግን ረሱት። ከዚያ በኋላ አባ ገብረ ማርያም ከቅዳሴ መልስ እየመጡ፣ መሪጌታ ተዝካሯን እኮ አብረን በልተናል ይሏቸዋል። አባባ ገና እንደ ሰሙት ሁሉ ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይበላሉ። በየቀኑ መርዶ ማለት ይህ ነው።

ቀስ በቀስ ልቅሶው ቀረ፤ ማስታወስ ጀምረው ነው ለካ። እግራቸው ጸና። ለፋሲካ ስትደውል የልጆችህን ስም በተራ ሲጠሩልህ እልል ማለትህ ትዝ ይለኛል። ጉባኤ ቃናውንም ሞሉ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ታዲያ ምን አስጨነቀሽ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሰኞ አመሻሽ ላይ እንቁላላቸውን አቀረብኩ። ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ። በሩን ሲያዩ ቆዩና አሁን አሁን እኮ አትመጣም አሉኝ። አባባ፣ እናታለም አርፋለች እኮ አልኳቸው። «እሱንማ አውቃለሁ። ማወቄ ነው የከፋብኝ» አሉ። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርገው «ይህን ብተወው ትመጣ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ዘባርቀው እንዳይመስልህ፤ በሙሉ አእምሯቸው፣ አስበውበት ነው የጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ከሰኞ ወዲህ ሽሮ ብቻ ነው የሚቀምሱት። መርፌው አልቋል፣ ከየትም አልተገኘም፤ እስካሁን ደግፎ የያዛቸው ምግቡ ነበር። ለኸይራት ደውዬ ነበር፣ ካቋረጡ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ አለችኝ። ባበላቸው እናታለምን ሁለተኛ የቀበርኳት ይመስለኛል፤ ባላበላቸው ደግሞ እሳቸውን በቁማቸው አጣለሁ። እኔም ብሆን ያ ወጋቸው ናፍቆኛል። ወንድምዓለም፣ ትልቁ አንተ ነህና እባክህ ደውልና ለጥያቄያቸው መልሱን አንተ ንገራቸው።

ዘመነ በጣም ሰላም ይልሃል። ብሩክታይት አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አባባም ይኸው አጠገቤ ተቀምጠው ሰላምታቸውን እያስጻፉኝ ነው፦ ለልጄ ለየኔሰው፣ ለምራቴ ለሰሎሜ፣ ለልጅ ልጆቼ ለኪዳነ ምሕረትና ለወለተ ሐና፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ ብለዋል። በፊት በፊት ደብዳቤ ስጽፍልህ መጨረሻው ላይ እናታችሁም ሰላም ትላችኋለች በይ ይሉኝ ነበር፤ እንዳትደነግጥ ብዬ ሳልጽፈው እቀር ነበር። ዛሬም ይላሉ ብዬ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኋቸው። «በቃ፣ እኛው ነን» አሉና ዛሬም አቅርቤላቸው የገፉትን የእንቁላል ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

እህትህ ጥሩአየሁ አካለ ወልድ
ቢቸና፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.