ቴፎ የጻፈው ስም

ለውድ እህቴ ለኦራቲሌ፣

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ማውን ከተማ ይድረስሽ። ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ እንዴት ከረሙ? እኛ ፍራንሲስታውን ደህና ነን።

ልጅሽ ቴፎም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይጫወታል። በሚሠራበት ፋብሪካ የፈረቃው ኃላፊ ስለሆንኩ የሥራ አፈጻጸሙን የምሞላው እኔው ነኝ። ታውቂኛለሽ፣ ለዘመድ ብዬ ነጥብ አልጨምርም። እያረፈደ ቢያስቸግረኝ ሦስት ጊዜ መከርኩት፣ ሦስት ጊዜም ጽፌ ፈረምኩበት። እልኸኛ ነው፤ በማን እንደወጣ አንቺ ታውቂያለሽ!

ከሥራ ይሰናበት እንደሆነ ሊወሰን ለፊታችን ሐሙስ ቢሮ ተጠርቷል። ሕጉ የሠራተኛው ቃል ሳይሰማ አይወሰንበት ይላል፤ ከባልደረቦቹም አንዱን ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል። አብሮት የሚገባውን ሰው በሚሞላበት ቅጽ ላይ የእኔን ስም ጻፈ።

«አብደሃል? ከሳሽህ እኮ እኔ ነኝ!» አልኩት።

«ፊርማህን አይቼዋለሁ። ግን በእኛ አገር ለሰው የሚቆምለት የእናቱ ወንድም አይደል እንዴ? ሳገባም ስሞትም አንተው ነህ» አለኝ፣ ፈገግ ሳይል።

ሁለት ሸሚዝ ተኩሻለሁ፣ የእሱንና የእኔን። ለቴፎ ሰርግ ጥሎሽ የመረጥሻቸውን ላሞች ግን ለጊዜው ከመንጋው አትለዪያቸው፤ ሣሩ ገና ነው።

እናታችንን ሳሚልኝ። ሐሙስ ጠዋት ስትጸልይ የሁለታችንን ስም በአንድ ትንፋሽ ትጥራ።

ወንድምሽ ሞለፊ