ለክቡርነትዎ ጥላ ስለተመረጠው ግድግዳ

ለክቡር ሲ ሹክሪ በን ሳልሓ
የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በተለይም አምና በዚህ ወር ክፉኛ ለተጎዳው ነጭ ኮትዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ የዓይን ተርፋ ሰዎች ከአንድ ግድግዳ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ስሜን ምናልባት ረቡዕ ረቡዕ በሚወጣው መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከወጥ አሠራሩ በታችና ከኮከብ ቆጠራው በላይ አይተውት ይሆናል። የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ በማን ሠርግ ላይ ጣፋጩ ለእንግዳ ሳይዳረስ እንዳለቀ የምጽፈው ሴትዮ ነኝ። ቤቴ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ምዕራባዊ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን ያለው መንገድ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጎረቤት ሆኜ ስለ ግድግዳው ሳልጽፍ መቅረቴ ሐሜተኛ ለተባለ ሰው ነውር ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ የዜና እትም በልጆቹ ቦርሳ ተጭኖ በየቤታችን በገባ ማግስት፣ ይህን የምስጋና ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቱት ዛፉ እናመሰግናለን።

አምና በመዝጊያው በዓል ላይ ክቡርነትዎ በግቢው መካከል ከነበረው ትልቅ የቱት ዛፍ ሥር በክብር ወንበር ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ተነሥተው ስለ ንጽሕና ንግግር ሲያደርጉ፣ አንዲት ጥቁር የበሰለች ፍሬ ከላይ ወርዳ ትከሻዎ ላይ እንደ ፈረጠች አንረሳም። ሦስት መቶ ልጆች በአንድ ጊዜ ሳቃቸውን ዋጡ። እኔም ዋጥሁ፤ ግን በሳምንቱ መጽሔቱ ላይ ተፋሁትና ለዚያ ዛሬም ይቅርታዎን እለምናለሁ። በሐምሌ መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች «ለተማሪዎች ደኅንነት ሲባል» የሚል ወረቀት ይዘው መጡና አያቶቻችን በጥላው የተማሩበትን ዛፍ ከጠዋት እስከ ቀትር አንጋለሉት።

የከተማውን ግማሽ ቤት የገነባው አዛውንቱ ግንበኛ ሲ ኸሚስ ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ነበር። «ይህ ዛፍ ከሥሩ ያለውን ምንጭ ሲጠጣ ነው የኖረው» አላቸው። «አሁን ውሃው የት ይሂድ? ማንን ጠየቃችሁ?»

«አባባ» አለው አንደኛው፣ «እኛ የተሰጠን መጋዝ ነው እንጂ መልስ አልተሰጠንም።»

ይህን ያህል ቅን ሠራተኞች ስለላኩልንም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ስንጥቁ።

ውሃው የት እንደ ሄደ በየካቲቱ ዝናብ ታወቀ። ግድግዳው፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ የድሮ የእህል ጎተራ ጀርባ ነበር፤ ጎተራው ሲፈርስ እሱ ብቻውን ቆሞ የቀረ፣ የሦስት ሰው ቁመት ያለው ከባድ የድንጋይ ግንብ ነው። ከሥሩ መርጠብ ጀመረ፤ ከዚያም ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ከሩቅ ሲያዩት የፀጉር ዘለላ የሚመስል ስንጥቅ ታየ። በመጋቢት ትንሽ ጣት የሚገባበት ሆነ። ይህን የማውቀው የትንሿን የሺራዝን ጣት ስለለካሁ ነው።

ሺራዝ የሲ ኸሚስ የልጅ ልጅ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል፣ ከክፍሏም አንደኛ። መምህርት ዳሊላ የምትመራው የትናንሽ ተመራማሪዎች ክበብ ሰብሳቢም እሷ ናት። ክበቡ በፊት ባቄላ በጥጥ ላይ የሚያበቅል ሰላማዊ ክበብ ነበር። ስንጥቁ ከመጣ ወዲህ ግን አያትየው ግንበኞች የሚያደርጉትን አስተማራቸው፦ አንድ ጣት የሚሰፋ ቀጭን የመስኮት መስታወት በስንጥቁ ላይ አጋድመህ ሁለቱን ጫፍ በጄሶ ታጣብቃለህ፣ በጄሶው ላይ ቀኑን ትጽፋለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። እንጨት ይጎብጣል፣ መስታወት ግን መጉበጥ አያውቅም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ግንበኞች ምስክር ይሉታል።

የመጀመሪያው ምስክር አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሁለተኛው አሥራ አንድ። ልጆቹ ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ አስፍረው፣ ከስንጥቁ ሥዕል ጋር፣ ለዓመቱ መዝጊያ ዜና ስድስተኛ ገጽ ብለው አዘጋጁት። በታተመው ዜና ስድስተኛ ገጽ ላይ ያገኘነው ግን የክቡርነትዎን ፎቶግራፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ፎቶው በጣም ያምራል፤ በአምናው ኮት ነው፣ ትከሻው ላይ ምንም አይታይም።

ሦስተኛ፣ መምህርት ዳሊላ ሠንጠረዡን ለርዕሰ መምህራችን ለሲ ላሚን፣ እሱም ለክቡር ጽሕፈት ቤትዎ ማድረሳቸውንና ክቡርነትዎም በአራት መስመር መልስ መስጠትዎን ሳላነሣ ባልፍ ምስጋና ቢስ እባላለሁ። መሐንዲስ በመስከረም፣ «ተማሪዎች ከዕረፍት ሲመለሱ»፣ መጥቶ ያያል ተብሏል። ግድግዳው እስከዚያው እንዲታገሥ የተጻፈለት ደብዳቤ ካለ ቅጂው ይላክልን፤ በአድራሻው ሄደን እናነብለታለን። በአራተኛው መስመር ላይ ደግሞ «የግቢውን ውበት የሚያጎድፉ ነገሮች ከበዓሉ በፊት ይሸፈኑ» የሚል መመሪያ ነበረ።

ተሸፈኑ። ከባሕር የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ከተማ፣ ግድግዳችን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ባሕር ሆነ። አራት ትልልቅ ዓሦች፣ አንዲት ጀልባና ከሁሉ በላይ «ነገ የእኛ ነው» የሚል ጽሑፍ አለበት። ሦስተኛውን ምስክር ከነጄሶው ቀለም ቀቡት፤ ከተለጠፈ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ዛሬ ተሰብሮ ይሁን ሳይሰበር ማየት አይቻልም። ሺራዝ ጠዋት ጠዋት ስትገባ በጣቷ ጫፍ ትዳብሰዋለች፤ ቀለሙ ስለወፈረ ግን ምንም አይነግራትም። ክበቡም «ዓመቱ ስላለቀ» ተዘግቷል። ባቄላ ላይ ቆይተው ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካቸውም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ሐሙሱ ፕሮግራም።

በዜናው የኋላ ሽፋን ላይ እንደተገለጸው፣ ሐሙስ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ስድሳ ልጆች ይዘምራሉ፣ ከመካከላቸው ዘጠኙ ከበሮ ይመታሉ፣ ተሸላሚዎች ሽልማታቸውንና ውጤታቸውን ይቀበላሉ፣ ክቡርነትዎም ንግግር ያደርጋሉ። በሰኔ ፀሐይ በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ ጥላ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዛፉ እንደሌለ አስቀድሜ አመልክቻለሁ። ስለዚህ መድረኩ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተሠርቷል። የክብር ወንበሩ፣ ቀይ ልብስ የለበሰው፣ ከሁለተኛው ዓሣ ሥር ነው። የእንኳን ደኅና መጡ ንግግር የምታሰማው ተማሪ የምትቆምበት ቦታ ደግሞ ከወንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ስንጥቁ እጅግ በሚሰፋበት ትክክል ነው። ንግግሩን የምታሰማው አንደኛ የወጣችው ልጅ ስለሆነች፣ ሺራዝ ናት።

የሺራዝ እናት ሐሲና ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠብ የማይወድ ሰው ነች። ባለፈው ሳምንት መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች ወደ ሲ ላሚን ቢሮ ገባች። እኔም በአጋጣሚ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አጋጣሚ የሚወደኝ ሴት ነኝ።

«ልጄ አንደኛ ወጥታ ከዚያ ግድግዳ ሥር የምትቆመው በምን ጥፋቷ ነው?» አለችው።

ሲ ላሚን ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «እህቴ» አላት፣ «እኔም የልጆች አባት ነኝ። ወንበሩን ወደ ፀሐይ ባወጣው ግን በመስከረም እዚህ አታገኚኝም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የውጤት ወረቀት የሚሰጠው በመድረኩ ላይ ብቻ እንደሆነና ያልመጣ ልጅ እስከ መስከረም እንደሚጠብቅ ነገራት። የመካከለኛ ደረጃ ምዝገባ ደግሞ የሚዘጋው በሐምሌ ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም፤ የክቡርነትዎ ፎቶ ከጀርባው ተሰቅሎ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን፤ ወደ መጨረሻው ደርሻለሁ።

ዓርብ ማታ ወላጆች እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ብዙ ተባለ፤ አብዛኛው የሚጻፍ አይደለም። አንዱ ግድግዳው ከአባቱ ዘመን ጀምሮ መቆሙን አነሣ፣ ሌላው የሰው ምቀኝነት ነው አለ፣ ሌላዋ ልጇ የሚለብሰውን አዲስ ሸሚዝ ገዝታ እንዳበቃች ተናግራ አለቀሰች። ሲ ኸሚስ ሊሄድ ሲነሣ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ወረቀት በመስከረም ይመጣል፤ ልጅ ግን በመስከረም አትመጣም።»

የአርባ አንድ ልጆች ወላጆች ተስማሙ። ልጆቻቸው ሐሙስ ይመጣሉ፣ የሚዘምሩት ግን ከግቢው በር አጠገብ፣ በፀሐዩ በኩል፣ የሣር ባርኔጣ አድርገው ነው። የውጤት ወረቀቱ ከቀረባቸው ይቅርባቸው። ሐሲና የመጀመሪያዋ ፈራሚ ናት። የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ቤተሰቦች ግን ፈርተዋል፤ የሚፈሩት ግድግዳውን ሳይሆን ሐምሌን ነው። የእነሱ ልጆች መድረኩ ላይ ይቆማሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ከሁሉ ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትልቁን ከበሮ የሚመታውም እሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዘጠኝ ከበሮ ከዚያ ግድግዳ ሥር ለምን እንደሚያስፈራን ግንበኛ ካልሆኑ ላይታይዎ ይችላል። የምንለምነው ግን ቀላል ነው፦ ለሲ ላሚን አንድ ጊዜ ስልክ ደውለው «መድረኩን ወደ በሩ አዙረው፣ ወረቀቱንም ለሁሉም ስጥ» ቢሉት አሥራ ዘጠኙም ይመጣሉ። የቀድሞ ሰዎች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ጃንጥላ እኔ አመጣለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ከሠርግ ተርፎ የቀረ፣ ምንም ፍሬ አያፈራም።

ካልደወሉም ቅሬታ የለንም። ቀይ ልብስ የለበሰው ወንበር እንዳለ ይቆይልዎታል፤ አርባ አንዱ ልጆች ከፀሐዩ ሆነው ለክቡርነትዎ በሙሉ ድምፅ ይዘምራሉ፣ ጥላው በሞላ የእርስዎና የአሥራ ዘጠኙ ይሆናል።

ለዛፍ በሚያሳዩት ጥንቃቄ ለልጆችም እንዲያስቡላቸው እየተመኘሁ፣ ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለግድግዳችን ትዕግሥትን፣ ለስልክዎ መስመርን እለምናለሁ።

ከመንገዱ ማዶ፣ በመስኮቷ ዘወትር የምትገኘው ጎረቤትዎ፣
ዙበይዳ በን ዓማር
ዓይን ተርፋ፣ እሑድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ማክሰኞ ጠዋት፦ የጽሕፈት ቤትዎ ቀለም የተቀባው በግቢው በኩል ብቻ ነው። የመንገዱን ፊት ማንም አልቀባውም። ቅዳሜ ዕለት ሺራዝ በመሰላል ወጥታ፣ አያቷ መሰላሉን ይዞላት፣ በዚያ በኩል አራተኛውን ምስክር ለጠፈች። ከመስኮቴ በደንብ ይታያል። እሑድ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ደኅና ነበር፤ ሰኞም ደኅና ነበር፤ እንዲያውም «አያችሁ፣ ፈሪዎች ናችሁ» ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ልጆቹ በመድረኩ ላይ የከበሮ ልምምድ ጀመሩ። ሦስተኛውን ዜማ ሳይጨርሱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወዲያው ከመንገዱ ተሻግሬ በግቢው በኩል አየሁት፤ ሁለተኛው ዓሣ ከጭራው ተለይቷል።

ይህ ደብዳቤ ነገ በመጽሔቱ ላይ ይወጣል፤ ዋናው ቅጂ ግን ዛሬውኑ በእጅ ይደርስዎታል፣ ስብርባሪውም በፖስታው ውስጥ ነው፤ ሲከፍቱት ጣትዎን እንዳይቆርጥዎ። የክበቡ ንብረት ስለሆነም ሺራዝ እንዲመልሱላት በአክብሮት ትጠይቃለች። ሐሙስ ይዘውት ይምጡ፤ በፀሐዩ በኩል ቆማ ትጠብቅዎታለች።