ቀፎ የተሰቀለባቸው ጥዶች

ደባርቅ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሰኞ ዶዘሩ ይገባል። ለነፋስ ኃይል ማመንጫው መንገድ ሲባል የሚቆረጡትን ጥዶች ባለፈው ሳምንት እኔው ነኝ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግሁባቸው። የወረዳው የደን ባለሙያ እኔ፣ ደኑም የመንግሥት። ማን ይከለክለኛል ብዬ ነበር።

ዛሬ ልቆጥራቸው ስወጣ ምልክት ባለበት ዛፍ ሁሉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። አንድም አልዘለሉም! በእኛ አገር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ንብ ከገባበት፣ ዛፉን ማሩ ሳይቆረጥ መጥረቢያ አይነካውም። ጥቅምት ደግሞ ንብ ማደሪያ የሚፈልግበት ወር ነው።

የደኑን ጥበቃ ጋሽ ታከለን «ማነው የሰቀለው?» አልኋቸው።

«ነፋሱ ነዋ» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

ደሜ ፈላ። «ሰኞ ለሚመጡት ሰዎች ይኼን ልበላቸው?»

«የምትያቸውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ። መብራቱን እኛም አንጠላም። ብቻ ሳትጠይቂን ቀለም ቀባሽ።»

በንዴት ዝቅ ብሎ የተሰቀለውን አንዱን ቀፎ ላወርድ እጄን ሰደድሁ። ወገቡ በሽቦ ታስሯል። ሽቦውን አወቅሁት። ክረምት ላይ አባቴ ቀፎውን ሲጠግን ጫፉን የያዝሁለት እኔ ነበርሁ። እጄን መለስሁ።

ማታ ከአባቴ ጋር ራት በላን። እጁን ከታጠበ በኋላ ነው የጠየቀኝ።

«ንብ ገብቶበታል?»

«ገብቶበታል» አልሁት።

ጆሮዬን ለጥፌበት ነበር። ባዶ ነው።