ከገለባው ጋር የሄዱት

ጥቅምት 9
የዘር ድንች ስለይ ዋልሁ። ግማሹን አይጥ በልቶታል። ዘንድሮ የእኛ የአይጥ ዓመት ነው፤ በሦስት በአራት ዓመት ይመጣል፣ ይሄዳል። ደግነቱ በእኛ ሲበዛ፣ ከወንዝ ማዶ አዘና አገር፣ እህቴ ልክየለሽ ዘንድ ይቀንሳል። በየዓመቱ ዘር የምንለዋወጠው ለዚህ ነው። አንዷ ስታጣ ሌላዋ አላት።

ጥቅምት 14
ልክየለሽ ደወለች። "እትዬ፣ ዘንድሮ ከእኛም ዘር አልተረፈ፤ አይጥ ጨረሰው።" አዘናም? ባንድ ዓመት? "ያስበላችው ሸጋ ናት፤ ጎተራውን ሳትከድን እያደረች።" ሸጋ የልጇ ሚስት ናት። እኔም "ድሮም እጀ ሰባራ ናት" አልሁ። ጎተራውን አይቼው አላውቅ...

ጥቅምት 20
ሸጋን ወደ እናቷ ሰደዷት።

ጥቅምት 26
ሜላት መጣች፣ በየማሳው ወጥመድ እያኖረች አይጥ የምትቆጥረዋ ተማሪ። እኛም ዘንድ አዘናም አብሮ መብዛቱ እሷንም ገርሟታል።
"ከዚህ ወደዚያ የሚጫን ነገር አለ፣ እማማ?"
"በእግራቸው አይደርሱም?"
"ይህን ሁሉ ወንዝ? በመኪና ካልሆነ።"
"ጥቂት ቢሆኑስ?"
"በየዓመቱ ጥቂት ከገቡ ሊበቃ ይችላል። ሁለቱም ቦታ አብሮ መብዛት፣ አብሮ ማነስ ይለምዳል።"


ጥቅምት 27
ድሮ ለልክየለሽ የምልከው በበቅሎ ጥቂት ዘር ነበር። አይሱዙ ከመጣ ወዲህ በጆንያ ሙሉ፣ ድንቹ እንዳይላጥ ገለባ ጎዝጉዤ። አምና ገለባው ውስጥ የአይጥ ጎጆ አየሁ። ፀጉር ያላወጡ፣ ቀያይ። የጆንያውን አፍ አሰርሁት። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋብኝ ቸኩዬ ነው...
አይደለም። የእሷ ገብስ ሁልጊዜ ያምራል። "እሷም ትንሽ ትቅመሰው" ብዬ ነው።
ፊደል በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርሁት ይህን ልጽፍበት ኖሯል?

ኅዳር 6
አዘና ሄድሁ። ልክየለሽ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ስነግራት አላቆመችም።
"ስንቴ?"
"እያየሁ አንዴ። ሳላይ... እንጃ።"
"ለሸጋ ራስሽ ንገሪያት። እኔ በየትኛው አፌ።"
ሸጋ ከእናቷ ደጅ ቆማ ሰማችኝ። ይግቡ አላለችኝም።
"ይህን በሰው ፊት ይሉልኛል?"

ኅዳር 14
አዘና ሰንበቴው ላይ ቆሜ አልሁት። አንዷ "እኛ ደግሞ ልጅቱን ስናማ" አለች። ከጎኔ የነበሩት ትንሽ ፈቀቅ አሉ። እውነታቸውን ነው።

ኅዳር 22
ሸጋ ተመልሳለች። ዘር ግን ከሁለታችንም የለም። ዛሬ ሦስታችን ሩቅ አገር ዘር ልመና ወጣን። ሸጋ ከፊት፣ ልክየለሽ ተከትላ፣ እኔ ከኋላ። በየደጁ "ምን ነካችሁ?" ሲሉን ሁለቱ ዞረው ያዩኛል። እኔ እመልሳለሁ።