«ጊደሯ በአጃው ውስጥ»፦ የወይዘሮ ዴሊያ ታልቲ ሕይወትና ዜማ

ወይዘሮ ዴሊያ ታልቲ ከአባታቸው ከአቶ ማርቲን ሄሂርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብራይዲ ሆናን በክሌር አውራጃ፣ በሊስናጎር መንደር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 11 ቀን 1938 ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ማርቲን በዓል ስለነበር አባታቸው የራሳቸውን ስም ለሚወለደው ወንድ ልጅ አዘጋጅተው ጠብቀው ነበር ይባላል። የመጣችው ሴት ብትሆን ስሙን ለራሳቸው አስቀርተው ቫዮሊኑን ሰጧት።

ወይዘሮ ዴሊያ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተምረዋል፤ ከዚያም በኤኒስ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ለዓመታት ሠርተዋል። ዋናው ትምህርታቸው ግን የተሰጣቸው በቤታቸው ነው። በዚያ ቤት ኖታ የሚያነብ አልነበረም። ልጅ ከአባቱ ፊት ለፊት ይቀመጥና ዓይኑን ከጣቶቹ፣ ጆሮውን ከደጋኑ ሳይነቅል ዜማውን ይቀበላል። ከተቀበሉት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት «ጊደሯ በአጃው ውስጥ» የሚባለውን ሪል ነበር። እንደማንኛውም ሪል ለዳንስ የተሠራ ፈጣን ዜማ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱም ክፍል ሁለት ጊዜ ይደገማል። በሁለተኛው ክፍል ዜማው ሽቅብ ይወጣና የግራ እጅ ትንሿ ጣት ብቻ የምትደርስባትን አንዲት ቀጭን ድምፅ ይነካል። አቶ ማርቲን እዚያ ሲደርሱ፣ «ጊደሯ አጥሩን የምትዘለው እዚህ ጋ ነው» ይሉ ነበር።

በ1962 ከአቶ ፍላን ታልቲ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አቶ ፍላን አንድም የሙዚቃ መሣሪያ አይነኩም፤ የዳንስ ወለል ላይ ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ላም እያለቡ፣ ድርቆሽ እያጨዱ፣ ሴት ልጃቸውን ኢታንና ወንድ ልጃቸውን ኮርማክን ወልደው አሳደጉ።

በ1969 ማርች ወር ላሞቹን ከበረት ሲያስወጡ አንዷ ደንብራ የብረቱን በር ገፋችውና የወይዘሮ ዴሊያን የግራ እጅ ትንሽ ጣት ቀጠቀጠው። ቁስሉ ዳነ። ጣታቸው ግን እንደ ደረቀ እንጨት ተገትራ ቀረች። ቫዮሊኑ አልጋ ሥር ገባ፤ ስለ እሱም በቤቱ ውስጥ የሚያነሳ ጠፋ። ክረምቱ ሲገባ አቶ ፍላን ራሳቸው ጎትተው አወጡትና አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ «ዘጠኝ ጣት ይበቃል ዴሊያ፤ እኔም የምደንሰው በሁለት እግር ብቻ ነው» አሏቸው።

ለሌሎቹ ዜማዎች ወይዘሮ ዴሊያ ሌላ መንገድ አገኙላቸው። ለጊደሯ ግን አልተገኘም። በትምህርት ቤት የሠለጠኑ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት እጃቸውን በቫዮሊኑ አንገት ላይ ወደ ላይ ለማንሸራተት ሞከሩ። ከአባታቸው የወረሱት አያያዝ ይህን አያውቅምና ያቺ ቀጭን ድምፅ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ ምዕመን እየዘገየች የዳንሰኛውን እግር አሳተችባቸው። በመጨረሻ እዚያች ቦታ ላይ ደጋኑን ከክሩ ትንሽ አንስተው ባዶ ትንፋሽ ተዉላትና ቀጠሉ። በዚያች ባዶ ቦታ የዳንሰኞቹ ጫማ ወለሉን ሲመታ ይሰማ ነበር። ሰው ወደደው።

ያልወደዱት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሴናን ነበሩ። አቶ ሴናን በበርሚንግሃም በግንባታ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር የሚመጡት በጋ በጋ ነው። እሳቸውም አይጫወቱም፤ የአባታቸውን አጨዋወት ግን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቁታል። በመጡ ቁጥር እህታቸውን ሳይነካኩ አይመለሱም።

ከ1975 ጀምሮ ወይዘሮ ዴሊያ የሰበካውን ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ ጀመር። ልጆቹ እሳቸው ከአባታቸው እንደተማሩት፣ ጣትና ደጋን እያዩ ተማሩ። በ1988 በኤኒስ በተደረገ ውድድር ተማሪዎቻቸው ጊደሯን አብረው ሲጫወቱ፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ደጋኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ጤነኛ ጣት ያለው ልጅ ሁሉ ድምፅዋን ትቶ ትንፋሿን ተጫወተ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ይህ ከጥንት የመጣ የሊስናጎር ወግ ነው ብለው አመሰገኑ። አዳራሹ አጨበጨበ። ወይዘሮ ዴሊያ በመኪና ሲመለሱ ለአቶ ፍላን የተናገሩት ይህን ብቻ ነበር፦ «የተሰበረ ጣቴን ነው ያስተማርኳቸው።»

አቶ ሴናን በዚያው በጋ ሲመጡ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። «አባባ ጊደሯን አዘለላት፤ አንቺ አጥር ላይ ሰቅለሽ ተውሻት። አሁን ደግሞ አገሩ ሁሉ ተሰቅላ የተወለደች መስሎታል» አሏቸው። እንደወትሮው መሳቃቸው ነበር፤ እህታቸው ግን አልሳቁም። የአባታቸው ዜማ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው አስተማሪነት ሊጠፋ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዱት።

ያቺን ድምፅ ሊመልሷት ደከሙ። ድምፅዋን በቫዮሊን ማሳየት ስለማይችሉ ዜማውን በአፋቸው እያንጎራጎሩ አስተማሩ። ልጆቹ እፊታቸው ሲሆኑ በትሕትና እንዳሉት ይጫወቱና ዳንስ ቤት ሲሄዱ ወደ ትንፋሿ ይመለሳሉ። ከሁሉ የላቀችው ተማሪያቸው ግራንያ ኮንሲዳይን ምክንያቱን ስትጠየቅ፣ «አባትዎን እኮ አላየናቸውም። እኛ ያየነው እርስዎን ነው» አለቻቸው። ወይዘሮ ዴሊያ ከዚያ በኋላ ማንንም አላስገደዱም። ነገር ግን ያቺ ባዶ ቦታ በመጣች ቁጥር፣ ያች ግትር ጣታቸው ጭናቸው ላይ ድምፅዋን ለመንካት ስትሞክር አጠገባቸው የተቀመጠ ሁሉ አይቷል።

አቶ ፍላን በ2009 ዐረፉ። በአገራችን ልማድ መሠረት በሐዘን ቤት ሙዚቃ አይነካምና ወይዘሮ ዴሊያ ዓመቱን ሙሉ ደጋን ሳይዙ አሳለፉ። በ2014 አቶ ሴናን ሳንባቸው ታሞ ከበርሚንግሃም ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሱና ከእህታቸው ጋር መኖር ጀመሩ። የአቶ ማርቲንን አጨዋወት በጆሮው ሰምቶ፣ «ይህች ናት» ወይም «አይደለችም» ብሎ የሚመሰክር ሰው ከእሳቸው በቀር አልቀረም ነበር። የትንፋሻቸውን ማጠር ሲያዩ ወይዘሮ ዴሊያ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻም ግራንያን፣ አሁን ራሷ አስተማሪ የሆነችውን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠሯት።

ግራንያ ሁለተኛውን ክፍል መጀመሪያ በለመደችው መንገድ፣ ደጋኑን አንስታ ተጫወተች። ሲደገም ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ድምፅዋን ነካቻት። ወይዘሮ ዴሊያ ቫዮሊኑን አላዩም፤ የወንድማቸውን ፊት ነበር የሚያዩት። አቶ ሴናን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «እሷ ናት። የአባባ ናት» አሉ። ቀጥለውም ወደ ግራንያ ዞረው፣ «እስቲ ያቺን የመጀመሪያዋን ደግሞ መልሽልኝ። የእህቴን» አሏት።

ወይዘሮ ዴሊያ ሻይ ላፍላ ብለው ተነሡና ማንቆርቆሪያውን ውሃ ሳያደርጉበት ጣዱት።

አቶ ሴናን በዚያው ዓመት በሰላም ዐረፉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሰበካው ልጆች ያንን ክፍል ሲማሩ መጀመሪያ ትንፋሿን፣ ሲደገም ድምፅዋን ይማራሉ። ወይዘሮ ዴሊያም እየዞሩ ሰምተዋቸዋል።

ከ2021 ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታመሙ በልጃቸው በኢታ እንክብካቤ ቆይተው፣ የቅድስት ብሪጅት በዓል በዋለ በማግሥቱ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023፣ በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ልጆቻቸውን ኢታንና ኮርማክን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በየቤቱ ቫዮሊን አንግተው የሚዞሩ የሊስናጎር ልጆችን ትተውልን ሄደዋል።

ባለፈው ወር ግራንያ ልትጠይቃቸው መጥታ ስትጨዋወት፣ በቀብራቸው ላይ ጊደሯን በየትኛው መንገድ እንድትጫወትላቸው ጠይቃቸው ነበር። «እኔ እንደሁ አልሰማችሁም፤ ለሚሰሙት ተጫወቱላቸው» አሏት፤ «ብቻ አትቸኩሉ።»

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቀኙ ያኑርልን፤ ከአባታቸው፣ ከባለቤታቸውና ከወንድማቸው ጋር ያገናኝልን። የእኛንም ሐዘን እሱ ያቅልልን። አሜን።