የሌለ ጉድጓድ

ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም እንዴት አደረገህ? ባለቤትህስ፣ ልጃችሁስ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን እንዳልልህ ውሸት ይሆንብኛል። እናታችን ጉልበቷን ብታማርርም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ደህና ያልሆነው ተከታይህ፣ ወንድማችን ነው። በስልክ አጥንቱ ገጥሟል ስልህ ተመስገን ብለህ ዘጋኸው። አጥንቱስ ገጥሟል። የቀረው በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

አንተ ያሰባሰብከው የእሁድ የብስክሌት ቡድን እስከ ዛሬ አልተበተነም። እንደ ድሮው ተራራውን ወጥተን በማዶ በኩል እንወርዳለን። ደንቡም ያው ያንተ ነው፤ ከፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደዚያ ያመለክታል፣ ከኋላ ያለው ሳይጠይቅ ይሸሻል። ዓይንህን ለፊተኛው አደራ ሰጥተህ ንዳ ትለን ነበር። ጉድ የሠራን ይኸው ደንብህ ነው።

የተከታይህ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ሐኪሙ በመነጽር የሚመለስ አይደለም ብሎታል። ሰው ፊቱ ቢቆም መልኩን ሳይሆን ጥላውን ነው የሚያየው። ይህን ከሐኪሙ ሌላ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ ምላጭ ይዞ ሰው ሲላጭ የሚውል ዓይኔ ፈዘዘ ብሎ እንዴት ያወራል? በጣቱ እየዳሰሰ ይላጫል፣ አንድም ሰው ቆርጦ አያውቅም። ቤታችንም የሚተዳደረው በዚያች የጸጉር ቤት ወንበር ነው። ብስክሌቱን እንኳ ተወው ብዬ ብለምነው፣ እሁድ ከቀረሁ ሰኞ ይጠረጥሩኛል አለኝ። ስለዚህ እኔ ቀይ ሹራብ ለብሼ ከፊቱ እነዳለሁ፣ እጄንም ከሰው ሁሉ አርቄ እዘረጋለሁ፣ እሱ እኔን ይከተላል።

የወደቀበት እሁድ የተራራው ጫፍ ላይ ሌሎቹ አረፍ ሲሉ እኔ የተነፈሰ ጎማዬን ይዤ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ነርሷ ጓደኛችን ናት። አናጢው፣ አንተው ራስህ ማር ምላሱ ያልከው፣ ለተከታይህ ግማሽ ብርቱካን ዘረጋለት። ወንድማችን እጁን ሰደደና ባዶ አየር ጨበጠ። አናጢው ብርቱካኑን ወደ ግራ አዞረው፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። ከዚያ ሌሎቹን ጠቀሳቸው። እህትህ ትደርሳለች፣ ዛሬ እኔ ልምራህ ብሎ ከፊቱ ገባ። ተከታይህ እምቢ ቢል ምን ብሎ ነው እምቢ የሚለው?

ቁልቁለቱ ላይ አስፋልቱ ንጹሕ ነው። ማር ምላሱ ግራውን አመለከተ፣ ተከታይህ ወደ ቀኝ ሸሸ። ቀኙን አመለከተ፣ ወደ ግራ ሸሸ። ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረም። ወንድማችን በደህና መንገድ ላይ እንደ ሰካራም ሲወላገድ ከኋላ ያሉት በሳቅ ሞቱ። ነርሷ ራሷ፣ እኔም ስቄያለሁ አለችኝ፣ አልደበቀችም። ሳቁን ሲሰማ ገባው። ከዚህ በኋላ መጫወቻችሁ አልሆንም ብሎ፣ በሚቀጥለው ምልክት ቀጥ ብሎ ነዳ። ያኛው ጉድጓድ ግን የእውነት ነበር። ስደርስ ብስክሌቱ ቦይ ውስጥ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ወድቋል፤ ትከሻው ተሰብሯል። ማር ምላሱ ዛሬም ይምላል፤ እኔ እውነቱን ነው ያሳየሁት፣ አላምን ያለው እሱ ነው ይላል። የሚያቃጥለኝም በዚህ አለመዋሸቱ ነው።

ሙዝ ይዘው መጥተው ጠየቁን፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው አይዞህ አሉት። አዛኝ ቅቤ አንጓች አሉ! ከደጃችን እንደወጣ ማር ምላሱ የዓይኑን ወሬ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰው፤ ለአንገታችሁ አስቤ ነው እያለ። ተከታይህ ድኖ ጸጉር ቤቱን ሲከፍት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን የነበሩት ጡረተኛው መምህር እንኳ አቀርቅረው በማዶ በኩል ያልፋሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ማር ምላሱ ራሱ መጣ። የሰው ሐሜት ከብዶት መሰለኝ፣ ይቅር እንባባል፣ ላጨኝ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንዲመሰክሩለት ሁለት ሰዎች በር ላይ አቁሟል። ተከታይህ ፎጣ አሰረለት፣ አረፋ ቀባው፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ በለሆሳስ፣ እንዳትነቃነቅ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ አለው። ወንድም ጋሼ፣ ሰው ተቀምጦ እንደዚያ ሲያልበው አይቼ አላውቅም። ምራቁን እንኳ መዋጥ ፈራ። ቀኝ ጉንጩን ላጨውና ግራውን ሳይነካ ፎጣውን ፈታ። ይኼኛው ጎን አይታየኝም፣ ከፊት ሁንና አመልክትልኝ አለው። ማር ምላሱ ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተለሰነ መንገድ ወጣ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አየው። ሳቅኩ፤ ከልቤ ነው የሳቅኩት።

ሰዉ ሲበተን ተከታይህ፣ የላጨሁት ጉንጭ ደም ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረም። የተላጨው ጉንጭ የተላጠ እንቁላል ይመስል ነበር፣ ጭረት የለበትም። ይህን ስነግረው ምላጩን ጠርጎ አስቀመጠና የጸጉር ቤቱን ቁልፍ በእጄ አስያዘኝ። ምላጭ ጉሮሮ ላይ አድርጎ የሚቀልድ ሰው ዘንድ ከእንግዲህ ማን ይመጣል? ይህን ሳያውቅ ያደረገው እንዳይመስልህ። ቤቱ እስካሁን ዝግ ነው።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ልጃችሁን ጉንጩን ሳምልኝ። እናታችን በቀን ሦስቴ ትመርቅሃለች፣ አንዴ ደግሞ ትረግምሃለች፤ አለመምጣትህን ነው። ነርሷ ሰላም ብላሃለች። ማር ምላሱም ሰላም በይልኝ ብሎኝ ነበር፣ ይኸው አድርሻለሁ። ተከታይህን በጣም ናፍቀኸዋል። ወንድም ጋሼ ሲመጣ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይ ብለሽ ጻፊ ብሎኛል። መልስህን የማነብለት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንተ እውነቱን ጻፍ፤ ውሸት ካስፈለገ እኔ እጨምርበታለሁ።

ታናሽ እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ግንቦት 21 ቀን