ለዘመንፈስቅዱስ ክራር የራሱ ፖርት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ አምሃ
የጥድ ጥላ የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
የካ

ጉዳዩ፦ ሦስት የሙዚቃ መሣሪያዎችን በአንድ በር ስላስገቡልን ምስጋና ለማቅረብና፣ የሚቻል ከሆነም ምስጋናውን መልሶ ለመውሰድ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የእንጦጦ ብርድ ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ፣ የጉርድ ሾላው የመኪና ሰልፍም ከስብሰባ እንዳያስቀርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የሙዚቃ ክፍሉ ወጣቶች፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ከአንዳችን በስተቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም ስለዚያ አንድ ሰው ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ክፍላችንን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በክፍሉ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ከእሱ ጋር ሦስት ኮንትሮለሮች ተገናኝተዋል። ኮንትሮለር የራሱ ድምፅ የሌለው መሣሪያ ነው፤ ሲነኩት ለኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል፣ ድምፁን የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው። እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ያሲር ከበሮ ይመታል፣ ዘመንፈስቅዱስ ደግሞ ሲነኩት በሚያበራ ትንሽ ኮንትሮለር ክራር ይጫወታል። ሶፍትዌሩ የማን መልእክት ወደ የትኛው ድምፅ እንደሚሄድ የሚለየው ለእያንዳንዳችን የራሳችን መግቢያ፣ ማለትም ፖርት፣ ሲመደብልን ነው። ላምበረት መናኸሪያ የደሴውና የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ የየራሳቸው መቆሚያ እንዳላቸው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ በሰላም ስንጫወት ኖርን፤ ከዚያ እርስዎ ከሥልጠና ተመለሱ።

አንደኛ፦ ሥልጠናው ስለ አንድ መስኮት አገልግሎት ነበር፤ በደንብ እንደገባዎት በማግሥቱ አሳዩን። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት በር ነበረው፣ አንዱን አዘጉት። የስፖርት ክፍሉ ሁለት የምዝገባ ጠረጴዛ ነበረው፣ አንዱን አስነሱት። እኛ ጋ ሲደርሱ የሚዘጋ ነገር አጥተው ቅር ሊልዎት ሲል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ፖርቶች ተደርድረው አዩና ፊትዎ በራ። «ተገልጋይ በሦስት በር የሚንገላታው ለምንድን ነው?» ብለው ማውሱን ከእጄ ተቀብለው ሦስቱንም መሣሪያዎች በአንድ ፖርት አስገቧቸው። በትሕትና ላስረዳዎት ብሞክር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ ወደ አንበሳው በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፦ ከዚያች ቀን ጀምሮ ማናችንም ምኑንም ብንነካ ሦስቱም ድምፆች በአንድ ላይ ይወጣሉ። ያሲር ከበሮውን ሲመታ ክራር ይጮኻል፤ እኔ ኪቦርዱን በቀስታ ስነካ ከበሮ ይደልቃል። ይህን ቢሮዎ ድረስ መጥተን ብናመለክት ከወንበርዎ ብድግ ብለው «ተናቦ መሥራት ማለት ይኼ ነው!» ሲሉ አሞገሱን። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እርስዎ ግን ሠሪው ወደ ሥራው እንዳይመለስ የሶፍትዌሩን ማስተካከያ ገጽ በይለፍ ቃል ቆልፈው፣ ኮምፒውተሩ ላይ «ያለ ኃላፊው ፈቃድ መንካት ክልክል ነው» የሚል ባለ ማህተም ወረቀት አስለጠፉ። ማህተሙ ቀጥ ብሎ በጥሩ ሁኔታ አርፏል፤ ለዚህም እናመሰግናለን። የይለፍ ቃሉ ጉዳይ ከማዕከሉ በዓል በኋላ በኮሚቴ እንደሚታይ ቃል ገቡልን።

ሦስተኛ፦ ገጹ እንደተቆለፈ በዓሉ ደረሰ። እዚህ ላይ ቀልዴ ስለሚያጥረኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ዘመንፈስቅዱስ ወሰን ሰፈር በሚገኝ ጋራዥ ሲሠራ የመኪና ማንሻው ክሪክ አምልጦ የግራ እጁን ጣቶች እንደጎዳበት እርስዎም ያውቃሉ፤ ሆስፒታል ሄደው ጠይቀውታል። ከዚያ ወዲህ ክራር መያዝ አልቻለም። ኮንትሮለሩ ላይ በቀኝ እጁ የሚጫወተው ድምፅ ግን ከአደጋው በፊት ክር በክር እየመታ እዚሁ ክፍል ያስቀረጸው የገዛ ክራሩ ድምፅ ነው። ክራሩን የሰጡት አባቱ ጋሼ ወርቅአየሁ ናቸው፤ እንጦጦ ላይ ድንችና ገብስ ያመርታሉ። ልጃቸው እንደገና ይጫወታል ሲባሉ አላመኑም ነበር፤ በዓሉ ላይ ሊሰሙት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወረዱ። ልጁም መድረክ ላይ ሆኖ አባቱን አየና ኮንትሮለሩ ላይ የመጀመሪያዋን ክር የምታሰማውን ቁልፍ ነካ። ከበሮ አንባረቀ፣ የእኔም ኪቦርድ አብሮ ጮኸ፣ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሳቁ። ዘመንፈስቅዱስ እጁን መልሶ ጠረጴዛው ሥር ደበቀው፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅም አላወጣውም። እኔና ያሲር እያፈርን ጨረስነው። አባቱ በሩ ላይ ጠብቀው «እጅህ እንቢ ካለህ ምንም አይደል ልጄ፣ ና ድንቹን አብረን እንኮተኩታለን» አሉት። በፍቅር ነው ያሉት፤ እኔን ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ወደ ማዕከሉ አልመጣም። አቶ አምሃ፣ ድሩ በእርግጥ አብሯል፤ ያሰረው ግን አንበሳ አይደለም፣ የአንድ ልጅ ደህና እጅ ነው።

አራተኛ፦ በዚያው በዓል ላይ «ምርጥ የክራር ተጫዋች» ብለው ለከበሮ መቺው ለያሲር የምስክር ወረቀት መስጠትዎን ታሪክ ይመዝግበው። ያሲር ክራር ነክቶ አያውቅም። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዞ መልሷል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ያ ያፈስ የነበረው ጣሪያችን የተሠራው እርስዎ በየቢሮው ተመላልሰው ነው። ስለዚህ የምንለምንዎ አዲስ መሣሪያ፣ ሥልጠና ወይም ኮሚቴ አይደለም። የይለፍ ቃሉን ብቻ ይንገሩን፤ ሦስቱን መሣሪያዎች ወደየፖርታቸው መመለስ ቀላል ሥራ ነው። ቅዳሜ ልምምድ አለን። ጋሼ ወርቅአየሁን ዳገቱን ወጥቼ ለምኛቸው «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ብለውኛል፤ ዘመንፈስቅዱስም አባቱ ከወረዱ ይወርዳል። ያን ቀንም ልጁ ክሩን ሲነካ ከበሮ ካንባረቀ፣ አባት ዳግመኛ አይመጡም፣ ልጁም ዳግመኛ አይሞክርም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያነብቡልኛል ብላ ተስፋ የምታደርግ፣ በሦስት በር ስትገባ ምን ያህል ተንገላትታ እንደነበር ሳታውቅ የኖረች፣ ለማህተምዎ ያላት አክብሮት ዛሬም ያልቀነሰ፣

ታዛዥዎ ሀውላ ካሊድ
የኪቦርድ፣ የከበሮና የክራር ተጫዋች (ከእርስዎ ውሳኔ ወዲህ)

ግልባጭ፦
ለያሲር፣ ከበሮ ክፍል
ለጋሼ ወርቅአየሁ፣ እንጦጦ

ማስታወሻ፦ ደንቡን አክብሬ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ በመስኮትዎ በኩል ላስገባ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ የሚፈልገው፣ የኳስ ሜዳ ፈቃድ የሚጠይቀውና የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ያጣው ሁሉ እዚያው ተሰልፎ በአንድ ላይ ያጉረመርም ስለነበር፣ የማን አቤቱታ ምን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ለአፍታ የእኛ ባንድ መስሎኝ ነበር።